የአሰበች ውታፍ

አሰበችን «እሜቴ» ብሎ የጠራ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ምን ፈልገህ ነው?» ትለዋለች። «እትዬ» ያላትም ከዚህ አያመልጥም። የአክብሮት ስም ሁሉ የልመና መግቢያ ነው ብላ ታምን ስለነበር፣ ከጓንግ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው ትንሽ ትልቅ ሳይል በባዶ ስሟ ይጠራት ነበር። እኔም አሰበች እያልኩ ነው የማወራችሁ። ድፍረት አይደለም፤ ሌላ ስም ብሰጣት ከመቃብሯ ሆና ትጠረጥረኛለች።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እሷ ግን እንደ ዳዊት ነበር የምትደግመው። ወተት ስትገዛ ውሃ ተጨምሮበት እንደሆነ ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች። ሰው ሲጨብጣት ሌላው እጁ የት እንዳለ ታያለች። ለነፍስ አባቷ ስትናዘዝ እንኳ «ለማን ሊነግሩብኝ ይሆን?» ብላ ግማሹን ኃጢአት ታስቀራለች ይሏታል። ይህ እንግዲህ ሐሜት ነው፤ ዳሩ ግን ሐሜት ሁሉ ውሸት አይደለም።

እንዲህ ያደረጋት ወንዙ ነው። ባሏ ሸጋው ዋናተኛ ነበር። ክረምት ጓንግ ሲሞላ ሰውን በትከሻው፣ ዕቃን በተነፋ አቅማዳ ላይ እያደረገ ያሻግር ነበር። አንድ ነሐሴ «ጎድሏል» ብሎ፣ እየቀለደ፣ ዳር ካሉት ሴቶች ጋር እየተሳሳቀ ገባ፤ አልወጣም። «እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ» ሲባል ለሌላው ምሳሌ ነው፤ ለአሰበች ግን የባሏ አሟሟት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚስቅ ነገር ሁሉ፣ ውሃም ይሁን ሰው፣ ያስፈራት ጀመር።

የምትኖረው የዲዛ ዛፍ ልጥ እየላጠች፣ እያለፋች፣ ገመድ እየገመደች በመሸጥ ነበር። ትንሽ የማሽላ መሬትም አላት። ደግሞም አዋላጅ ናት፤ ከወንዙ ወዲህ ያለውን የመንደር ልጅ ሁሉ የተቀበለችው እሷ ናት። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ አየሁሽ ትባላለች። አየሁሽ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው፤ እናትየዋ ይህንንም ጋብቻ ስትጠረጥር ኖራለች፤ አማቿ ውባንተ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ወንዙ መካከል ስላለ ነው።

ጥርጣሬዋ ደረሰ። በ1932 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ አየሁሽን የመጀመሪያ ምጥ ሲይዛት ጓንግ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። የሰው ልጅ ሁሉ አዋላጅ የሆነችው ሴት ለራሷ ልጅ ማድረግ የቻለችው ወንዙ ዳር ቆሞ መጣራት ብቻ ነበር። «አንበርክኳት! ወገቧን ደግፉ!» እያለች ጮኸች፤ ውሃው ድምጿን ይዞት ሄደ። ሕፃኑ ሞቶ መወለዱንም ከማዶ በጩኸት ነገሯት። ይህን ስታወራ አንድ ቀን ሰምቻታለሁ፤ አላለቀሰችም፤ እጇ ግን የሚገምደውን ገመድ ትቶ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ አየሁሽ እንደገና ፀነሰች። የምትወልደው መቼ ነው? ሐምሌ! አሰበች ይህን ስትሰማ የተናገረችው ቃል እዚህ አይጻፍም።

አየሁሽ አስቀድማ እናቷ ጋ መጥታ እንዳትወልድ፣ ውባንተ ከአርበኞች ጋር አርማጭሆ በረሃ ገብቷል፤ እናቱም አልጋ ላይ የዋለች በሽተኛ ናት፤ ማን ትቷት ይሄዳል? አሰበች ሰኔ ላይ ተሻግራ እንዳትከርም ደግሞ ማሽላ የሚዘራው በዝናብ ነው። ሳትዘራ ብትሄድ ሁለቱም ቤት በረሃብ ያልቃል፤ ዘርታ ልሂድ ብትል ማሽላውን የሚያበቅለው ያው ዝናብ ጓንግን ይሞላዋል። እንግዲህ አንድ ተስፋ ብቻ ቀረ፤ ጀልባ።

የጀልባው ነገር እንዲህ ነው። ጣሊያን አገሩን እንደያዘ ጥጥ አለማለሁ ብሎ ከጓንግ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ ገና ሳያልቅ ደለል ይሞላው ጀመር። ደለሉን እያፈሱ የሚያወጡባቸው ሆዳቸው ዝርግ የሆነ ሁለት የብረት ጀልባዎች በካሚዮን መጡ፤ አካፋው፣ ባሬላው፣ ሰንሰለቱ፣ ባልዲው ተከተለ። አሰበች መጎተቻ ገመድ ትሸጥላቸው ስለነበር ቦዩ ዳር ተቀምጣ ታያቸዋለች። ሥራ ሲያበቃ ጀልባውን ወደ ዳር ስበው ሲያወጡ፣ ነጩ አለቃ ከውስጥ በኩል ከሆዱ የሕፃን ጡጫ የምታህል የነሐስ ውታፍ አዙሮ ይነቅልና የገባውን ውሃ ያፈሳል። ጠዋት መልሶ አዙሮ ይወትፈዋል። አንድ ቀን ረስቶት ጀልባው ቦዩ መካከል ሰጠመበትና በገዛ ቋንቋው ሲራገም ሰማችው፤ ቋንቋውን ባታውቅም እርግማን መሆኑ ገብቷታል።

በ1933 ጥር ጣሊያን መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሲሸሽ መጋዘኑ ተከፍቶ ቀረ። አገሩ ሁሉ ገባበት። አንዱ አካፋ፣ አንዱ ባሬላ፣ አንዱ ደግሞ በር ከነመቃኑ ተሸክሞ ወጣ፤ በሩን የሚገጥምበት ቤት አልነበረውም። አሰበች ወደ መጋዘኑ አልዞረችም። አንደኛውን ጀልባ እንግሊዝ በጥቅምት መተማን ሲወጋ የተተኮሰ ጥይት እንደ ወንፊት በሳስቶታል፤ ወደ ደህነኛው ሄዳ ውታፉን ነቀለችና መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጎረቤት ሳቀባት። «በጣሊያን ጊዜ ውታፍ ነቃዩ በዝቶ ነበር፤ እውነተኛዋ ግን አንቺ ነሽ!» አሏት።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለቻቸው። «ጀልባውን መሸከም አልችልም። ውታፉ እኔ ጋ እስካለ ግን ሌላውም ይዞት አይሄድ።»

ሚያዝያ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ። ከሱዳን ገብቶ መተማን የያዘው የእንግሊዝ ጦር የቦዩን ትርፍ ጀልባና ዕቃ በሐራጅ ሊሸጥ ነው። ሐራጅ ማለት ምን እንደሆነ የመተማ ነጋዴ ያውቃል፤ የጓንግ ዳር ገበሬ ግን ስሙንም ሰምቶ አያውቅም። የሰማው «የቤት አባወራ ሁሉ ቅዳሜ ቦዩ አፍ ላይ ይሰብሰብ፤ ማንም እንዳይቀር» የሚለውን ብቻ ነው። ሄደው ሲያዩ የጣሊያን ዕቃ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፣ ዙሪያውን የሱዳን ወታደሮች ቆመዋል፣ መካከል ወንበርና ጠረጴዛ አለ።

የቀድሞው ጭቃ ሹም፣ ሽማግሌው አዛናው፣ አንዴ አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይኸማ አውጫጭኝ ነው!» አሉ።

የአገሬው ሰው ደሙ ቀዘቀዘ። አውጫጭኝ ማለት እንግዲህ የተሰረቀ ዕቃ ወይም የፈሰሰ ደም ሲኖር አገሩን በሙሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ማቆየት ነው። ጥፋተኛው ሳይገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «ወፍ» የሚባሉ፣ በስውር የተመረጡ ሰዎች ያዩትን በጆሮ ይናገራሉ። ጭቃ አዛናው በዘመናቸው ስንቱን አውጫጭኝ የመሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ካሉ ካሉ ነው። «ልብ በሉ፤ ይኸ የተዘረጋው ያልተሰረቀው ነው። የሚፈለገው የጎደለው ነው። ቀድሞ አፉን የከፈተ፣ የዕቃውን ዋጋ አውቃለሁ ያለ፣ እሱ ነው ሌባው!» ብለው አስጠነቀቁ።

ከዚያማ ጉድ ሆነ! ሰዉ ውሃ ልሸና ነው እያለ አንድ በአንድ ወደ ቁጥቋጦው መሄድ ጀመረ። የሄደው ሁሉ ወደ ቤቱ እየበረረ ይመለሳል፤ ከዕቃው ክምር ጀርባ ሣሩ ውስጥ አካፋ ይወድቃል፣ ባልዲ ይንከባለላል። በሩም ከነመቃኑ መጣ። ሐራጅ ጠሪው፣ ረጅም ጀላቢያ የለበሰ፣ ከሱዳን ወገን ከገላባት የመጣ ሰው፣ ዞር ባለ ቁጥር ዕቃው በዝቶ ያገኘዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ሐዋጃ፣ የአገሬው ሰው ነጭን ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። እንደዚህ ያለ የሚወልድ ሐራጅ በሕይወቱ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሽያጩ ተጀመረ። ጠሪው አንድ አካፋ ወደ ላይ አንሥቶ «ያላ! ማን ይሰጣል?» ብሎ ጮኸ። ዝም። ሌላ አነሣ። ዝም። አንድ ገበሬ ሳይጠየቅ ተነሥቶ «ያየሁ የሰማሁ ብሆን ዓይኔ ይፍሰስ!» ብሎ ምሎ ተቀመጠ። ጠሪው ለሐዋጃው እንዴት አድርጎ እንደተረጎመለት እንጃ።

አፉን የከፈተው ሷሊህ ብቻ ነበር። ሷሊህ የመተማ ነጋዴ ነው፤ ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ ከገላባት እያመጣ ከጓንግ ማዶ ያሉ ገበያዎች ድረስ ይነግዳል። ፈገግታው ብዙ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ለአሰበች ይህ ራሱ በቂ ማስረጃ ነበር። አካፋዎቹን እሱ ገዛ። ወንፊቱን ጀልባ አንድ የገላባት ብረት ሻጭ ቆራርጬ እሸጠዋለሁ ብሎ ወሰደው። አሰበች ይህን ስትሰማ ቀጥሎ ደህነኛው መሆኑ ገባት።

መቀነቷ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር፤ ያጠራቀመችው ጠገራ ብርና ውታፉ። ልትነሣ ቃጣች፤ የጭቃ አዛናው ቃል ያዛት። እንደገና ቃጣች። በዚህ መካከል ሷሊህ አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«እታለም» አላት በሹክሹክታ፣ «ጀልባውን እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። ለአንቺ ዋስ ካላመጣሽ አይሸጡልሽም። እኔ በስሜ ልጥራው፣ አንቺም ያለሽን አዋጪ፤ የጋራችን ይሁን።»

እታለም! አሰበች ጆሮዋ ቆመ። «እንደምፈልገው በምን አወቅህ፣ አያ ሷሊህ?»

«አገር ያወቀውን...»

«እኔ የምፈልገው ገመድ የሚገዛኝ ሰው ነው። ሂድ ወዲያ!»

ሷሊህ ፈገግ ብሎ ተነሣ፤ ወደ ጠሪው ሄዶም አንድ ነገር ተናገረ። ጠሪው ለሐዋጃው ነገረው። ሐዋጃው ወደ ጀልባው ሄዶ ጎንበስ አለና በዱላው ሆዱን መታ መታ አደረገ። ዱላው በቀዳዳው ሽው ብሎ ገባ። ቀና ብሎ ሰዉን አየ።

ጠሪው ጮኸ። «ሐዋጃው ይጠይቃል! የዚህ ጀልባ ውታፍ የት ሄደ? የሚያውቅ አለ?»

እንግዲህ ይሄውላችሁ! ነጋሪት የተጎሰመው፣ ወታደር የቆመው፣ ወንበር የተዘረጋው ሁሉ ለካ ለዚህ ነው! ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አካፋውን የመለሰውም ያልመለሰውም፣ አንገቱን ወደ አሰበች አዞረ። ጭቃ አዛናው ሊያዩዋት ስላልፈለጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሳቁባት ጎረቤቶቿ መካከል ወፍ የማይሆን አልነበረም። ነሐሱ ወገቧን እንደ ፍም አቃጠላት። መነሣቱን ተወችው።

«ያለ ውታፍ እገዛዋለሁ» አለ ሷሊህ ከወዲያ። «ቀዳዳ ጀልባ ነው፤ ዋጋውን ቀንሱልኝ።»

ቀነሱለት። ሌላ የጠራ የለም። ጠሪው ጠረጴዛውን በጡጫው መታ፣ ጀልባውም የሷሊህ ሆነ። «በቃ፣ ሂዱ» ሲባል ሕዝቡ አላመነም፤ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰበች እንቅልፍ አጣች። ስለ ውታፉ እንዲጠየቅ ያደረገው ሷሊህ ነው፤ ጀልባውን ሊያረክስ። ወይስ ከጉድ አውጥቷታል? አውጥቷት ከሆነ ለምን አወጣት? ያለ ምክንያት የሚያወጣ ሰው አታውቅም። ገመዷን እየገመደች ነገሩንም አብራ ትገምደዋለች፤ የትኛውም ጫፍ ደግ ሰው ጋ አያደርስም። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች አንድ ቀን ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ።

ሰኔ ላይ ሷሊህ ራሱ ቤቷ ድረስ መጣ። የመጣው ወፍራም ገመድ ሊገዛ ነው። ስለ ውታፉ ቃል አልተነፈሰም።

«ጀልባውን ለብረት ሻጭ አትሸጠውም?» ብላ አወጣጣችው።

«ወላሂ አልሸጠውም። ጨዌን ላሻግርበት ነው። ክረምት ሲገባ ማዶ ያለው ሰው ጨው አጥቶ ይከርማል፤ ዋጋው ጥሩ ነው።»

ይህ ትርፍ ስላለበት ትንሽ አመነችው። «ቀዳዳውንስ?»

«እንጨት አስጠርቤ ወትፌዋለሁ።» ፈገግ አለ። «እንዳቅሚቲ ይይዛል።»

አሰበች መቀነቷን አጠበቀች።

ሐምሌ ገባ። አሰበች ማሽላዋን ዘራች። ጓንግ ሞላ፤ ቀይ ሆነ፤ ግንድና የሞተ ከብት እየተሸከመ ይወርድ ጀመር። አንድ ረፋድ ላይ አረም ላይ ሳለች ከማዶ የሴት ጩኸት ሰማች። ያው ቦታ፣ ያው ጩኸት። አየሁሽን ምጥ ይዟታል።

አሰበች መቆፈሪያዋን ጥላ ሮጠች። ወንዙ ዳር ስትደርስ ጀልባው የጨው ከረጢት ተጭኖ፣ ሁለት ቀዛፊዎች ተቀምጠውበት፣ ሷሊህ ደግሞ ጀላቢያውን ሰብስቦ ሊገባ ሲል አገኘችው። ጩኸቱን እሱም ሰምቷል። ሁለት ከረጢት አውርዶ መሬት ላይ ጣለላት።

«ግቢ።»

«ስንት ትጠይቀኛለህ?»

«ምንም።»

ከሁሉ የከፋው መልስ ይህ ነበር። ምንም የሚል ሰው መጨረሻው ብዙ ነው። ውሃው እግሯ ሥር ይስቃል፤ ልክ ያን ነሐሴ እንደሳቀው። አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አድርጋ ቆመች። ከማዶ እንደገና ጮኹ። «እመቤቴ፣ ከእሱም ከውሃውም አውጪኝ» አለችና ገባች።

መካከል እስኪደርሱ ደህና ሄዱ። ከዚያ አንድ ግንድ እየተምዘገዘገ መጥቶ የጀልባውን ሆድ ገጨው። ጀልባው ተንገዳገደ፤ የእንጨቱ ውታፍ ተስፈንጥሮ ወጣና በጎን በኩል እየተንሳፈፈ ሄደ። ቀዩ ውሃ በቀዳዳው ቡልቅ ብሎ ገባ።

ሷሊህ ተረከዙን ቀዳዳው ላይ ተከለ፤ ውሃው ገፋው። ጥምጣሙን ፈትቶ ወተፈው፤ ተፋው። ከረጢቶቹ መራስ ጀመሩ። «ቅዘፉ! ቅዘፉ!» ይላል፤ ድምፁ ከእንግዲህ ለስላሳ አልነበረም።

አሰበችስ? ይህን ራሷ ናት የነገረችን፤ አታፍርበትም ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ያሰበችው «ሆን ብሎ አላልቶት ቢሆንስ?» ብላ ነው። በምስክር ፊት ውታፉን ሊያስወጣት፣ ከዚያ ሌባ ብሎ ለሐዋጃው ሊሰጣት! ውሃ እየወሰዳት ትጠረጥር ነበር። እጇ መቀነቷ ላይ፣ ዓይኗ የሷሊህ ፊት ላይ። እሱ ደግሞ የሚያየው እሷን አልነበረም፤ የሚያየው ማዶውን ነው፤ ምን ያህል እንደቀረ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰውየው ፈርቷል። ፈርቶ ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ የምታምነው ሰው መሰላት።

መቀነቷን ፈታች። ተንበርክካ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተችና ተረከዙን ገፍትራ ነሐሱን ቀዳዳው ላይ አስገባች፤ ነጩ አለቃ ያደርግ እንደነበረው አዞረችው፣ አዞረችው፣ ጥርሱ ያዘ። ቡልቅታው ቆመ።

ቀዛፊዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሷሊህ ጥምጣሙን ጨምቆ ራሱ ላይ አደረገና «ቅዘፉ እንጂ!» አላቸው።

አሰበች ስትደርስ ሕፃኑ በእግሩ ሊመጣ ነበር። እጇ ላይ ገና የጓንግ ጭቃ አለ፤ አስታጥበው አስገቧት። እንዴት አድርጋ እንዳዞረችው አዋላጅ ካልሆናችሁ ብነግራችሁ አይገባችሁም። ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ወጣ፣ ዝም አለ፣ እግሩን ይዛ ጀርባውን መታችው፤ ጮኸ። ያ ሕፃን እኔ ነኝ። በዚህ ዓለም ያገኘሁት የመጀመሪያ ስጦታ የአሰበች ጥፊ ነው፤ የመጨረሻውም አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረደች። ቀዛፊዎቹ ጀልባውን አሸዋው ላይ አውጥተውታል። አሰበች ጎንበስ ብላ ውታፉን አዙራ ነቀለች፣ ውሃውን አፈሰሰች፣ ውታፉን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

አንደኛው ቀዛፊ «ኧረ ሴትዮ!» ብሎ ሊነሣ ሲል ሷሊህ በእጁ ከለከለው። «ተዋት።»

«ስትሻገሩ ጥሩኝ» አለች አሰበች። «እኔ ሳልኖር አይሻገርም።»

እንዲህ ሆና ነው አሻጋሪ የሆነችው። ሐምሌንና ነሐሴን ጀልባው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሷ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሰማዩን ትጠረጥራለች፣ ግንዱን ትጠረጥራለች፣ «ዛሬ አይሆንም» ካለች አይሆንም። ሷሊህም ድርሻዋን ይሰጣታል፤ ጨዉንም ብሩንም ሁለቴ ትቆጥረዋለች። ወንዙ ለማሾፍ እንኳ ዕድል አላገኘም። በተሻገረች ቁጥር ደግሞ እኔን ታያለች። ከእናቴና ከእሷ በቀር ማንም እንዲያቅፈኝ አልፈቀደችም። ዓይን ይወጋዋል፣ ቡዳ ይበላዋል፣ ማን ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል? ክርስትና ያነሣኝ አባት እንኳ ያቀፈኝ እሷ ከጎኑ ቆማ እጇን ከሥር ዘርግታ ነው።

መስከረም ጠባ። ጓንግ ጎደለ፣ ሰው በእግሩ መሻገር ጀመረ። ከጎንደር በኩል ገና የመድፍ ወሬ ይሰማል፤ በእኛ በኩል ግን ማሽላው አሽቷል። እናቴ አማቷን ለአንዲት ጎረቤት አደራ ብላ እኔን ይዛ መጣች። አሰበች በጀርባዋ አዝላኝ ወደ ወንዙ ወረደች። ሷሊህና ቀዛፊዎቹ ጀልባውን ለበጋ ወንዙ ዳር ወዳለው ዲዛ ሥር እየጎተቱ ነበር። ደፍተውት ጨረሱ።

አሰበች ቆማ አየችው። ከዚያ መቀነቷን ፈትታ ውታፉን አወጣችና እጇን ዘረጋች። በሕይወቷ አደራ ሰጥታ የማታውቅ ሴት ናት።

«እንካ፣ አያ ሷሊህ። ጀልባው የገዛኸው ነው። ከነውታፉ ይሁን።»

ሷሊህ ነሐሱን አየ፣ እሷን አየ። አልተቀበላትም። እጁን ጀላቢያው ኪስ ውስጥ ከቶ ሌላ ውታፍ አወጣ፤ ነሐስ ነው፣ ጥርስ ያለው፣ ጎማው አዲስ።

አሰበች ትክ ብላ አየችው። «ይኸ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ያን ዕለት በተሻገርን በሳምንቱ ገላባት ልኬ አሠራሁት።»

«ሐምሌ ላይ?»

«ሐምሌ ላይ።»

«ክረምቱን ሙሉ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«እንግዲያ እኔን ለምን ስትጠራኝ ከረምህ?»

«ባልጠራሽ ልጅሽንና የልጅ ልጅሽን በምን ታዪ ነበር? ነይ በነፃ ተሻገሪ ብልሽ ትመጪ ነበር?»

አሰበች አሰበች። ውሸት አትወድም። «አልመጣም ነበር» አለች።

«ለደግነት ነው ብልሽስ?»

«ቤቴን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።»

ሷሊህ ሳቀ። ድሮ የምትፈራው ሳቅ ነው። ቀዛፊዎቹም ሳቁ፣ እናቴም ሳቀች። አሰበች ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ በአንድ እጇ ነሐስ፣ በሌላው የተፈታ መቀነት፣ ዓይኗ ሞልቶ። ያን ሁሉ ወራት ሰማዩንም ግንዱንም ስትጠረጥር፣ አጠገቧ ያለውን ይህን ነገር አላየችውም።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች።

ማንም አላመናት። ከዚያ ከጀርባዋ አወረደችኝና፣ እናቴ እጇን ዘርግታ አጠገቧ ቆማ ሳለች፣ ወደ ሷሊህ ዞረች።

«መቀነቴን እስካጠብቅ» አለችው፣ «ያዝልኝ።»